ተሳቢው ደህና ነው

ሶዶ ላይ ቆሞ ያደረ የድርጅት መኪና ስታዩ ከፊት ጀምራችሁ ወደ ኋላ ተመልከቱት። ጋቢናው ጥንቅቅ ያለ ነው። ዳሽቦርዱ ባለ ዘርፍ ምንጣፍ ለብሷል፣ መሪው በቆዳ ተጠቅልሏል፣ መስታወቱ ላይ እንደ ሾፌሩ እምነት የመዝሙር ጥቅስ ወይም የመልአክ ሥዕል ተለጥፏል። ፔዳሉ ሥር ያለው ላስቲክ ሳይቀር በየማለዳው ይታጠባል። ጫማውን አውልቆ ካልሆነ የማይገባ ሾፌር አውቃለሁ፤ ረዳቱንም ያስወልቃል። ከዚያ ወደ ኋላ እለፉ። ማያያዣው ብረት ጋ ስትደርሱ ሌላ አገር ትገባላችሁ።

ተሳቢው ላይ ማንም ዘርፍ አንጠልጥሎ አያውቅም። የኋላ መብራቱ በነበረበት ቦታ ሁለት የተቆረጡ ሽቦዎች ብቅ ብለዋል። የጎኑ ብረት በሽቦ ታስሯል፤ ሽቦው በገመድ፤ ገመዱ ደግሞ በረዳቱ ተስፋ። ከስምንቱ ጎማ አንዱ ሸራው ወጥቶ ይታያል። ታርጋው ጭቃ ስለተለበጠበት ቁጥሩ አይነበብም፤ ጭቃውን የሚፍቅም የለም፤ የተነበበ ቁጥር ክስ ይጻፍበታልና።

ይህ የሾፌሩ ስንፍና እንዳይመስላችሁ። መኪናውን የተረከበው በፊርማ ነው። ክሪኩ፣ የጎማ መፍቻው፣ ስኮርታ ጎማው አንድ በአንድ ተቆጥሮ በስሙ ወርዷል፤ ቢጠፋ ከደመወዙ ይቆረጣል። ተሳቢው ግን በማንም ስም አይደለም። ዛሬ ከዚህ መኪና ጋር ይወጣል፣ ነገ ከዚያኛው ጋር። ስምሪት ክፍል «ያገኘኸውን ይዘህ ውጣ» ይላል። በድርጅት ግቢ ውስጥ ተሳቢ የእንጀራ ልጅ ነው፤ ሁሉም ይልከዋል፣ ማንም አያጎርሰውም።

አንዲት መኪና ብቻ ያለችው ባለንብረት ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር የለም። እሱ ጋራዥ ውስጥ ከመካኒኩ ጎን መኪናዋ ሥር ተጋድሞ ይውላል። ብሎን ስትጠብቅ ያያል፤ መካኒኩ ዞር ሲል ራሱ ደግሞ ያጠብቃታል። ሚስቱ ግራሶ ያልነካው ሸሚዝ እንደሌለው ለጎረቤት ትናገራለች። ድርጅት ግን ጀርባ የለው፣ መሬት ላይ አይጋደም።

አገሩ ሜዳ ቢሆን ነገሩን ባላነሳሁትም ነበር። ሶዶ የዳሞታ ተራራ ወገብ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ተራራው ወደ 2900 ሜትር ይደርሳል፤ ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ አባያ ሐይቅ ደግሞ 1200 ሜትር አይሞላም። ስለዚህ ከሶዶ ተነስቶ በሁምቦ በኩል ወደ አርባ ምንጭ የሚያቀና ጭነት ሐይቁ ዳር እስኪደርስ ድረስ 800 ሜትር ገደማ ቁልቁል መውረድ አለበት። ያን ሁሉ ቁልቁለት የሚችለው ወይ ሞተሩ ነው ወይ ፍሬኑ። ሦስተኛ የሚችለው ካለ ገደሉ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ወደ ዳውሮ የሚያወርደው የኦሞ ሸለቆ አለ፤ 243 ሜትር ከፍታ ያለው የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ያለበት። እዚያ የተመላለሰ አንጋፋ ሾፌር ካገኛችሁ ስለ ግድቡ ጠይቁት። የሚነግራችሁ ስለ ፍሬን ሸራ ነው።

ጭነቱ ደግሞ ቀጠሮ አያከብርም። ከበልግ በፊት ማዳበሪያ ነው። ወላይታ ማዳበሪያን የተላመደው ትናንት አይደለም፤ በ1962 ዓ.ም. በዓለም ባንክ ድጋፍ የተጀመረው፣ ሕዝቡ «ዋዱ» የሚለው የእርሻ ልማት ፕሮጀክት ሶዶ ላይ ከተከፈተ ወዲህ የመጣ ነው። ገበሬው ማሳውን አለስልሶ ሰማይ ሰማይ ያያል፤ ወረዳው ስልክ ይደውላል፤ ዞኑ ስብሰባ ይጠራል። ዝናብ አይጠብቅም፣ ማዳበሪያም አይጠብቅም። የሚጠብቅ ነገር ቢኖር ጥገና ነው። እሱ ዘንድሮም ይጠብቃል፣ ከርሞም ይጠብቃል።

አሁን ወደ ፍሬኑ እንምጣ፤ የነገሩ ሆድ ዕቃ ያለው እዚያ ነውና። የተሳቢ ፍሬን በአየር ይሠራል። ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ የሚባል አሜሪካዊ በ1872 እ.ኤ.አ. ለባቡር ያወጣው ብልሃት ነው፤ ብልሃቱም የዋዛ አይደለም። ቱቦው ውስጥ ያለው አየር ፍሬኑን እንደተለቀቀ ያቆየዋል፤ አየሩ ከጠፋ ግን ፍሬኑ በራሱ ጊዜ ይይዛል። ቱቦ ቢቀደድ፣ ተሳቢው ተበጥሶ ቢቀር ጎማው ይታሰርና ይቆማል። ሰውዬው ሁሉን አስቦ ነበር። ሳያስበው የቀረው የእኛን ረዳት ነው።

ቱቦው ዳገት ላይ ተሰንጥቆ ተሳቢው እዚያው ድርቅ ሲል ረዳቱ ይወርዳል። ወደ ተሳቢው የሚሄደውን አየር ይዘጋል፤ ከዚያ ከተሳቢው ሆድ ሥር ገብቶ የአየር ታንኩን ያስተነፍሰዋል። ፉሽሽ ብሎ ሲያልቅ ጎማው ይፈታል። ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ ተሳቢው ፍሬን የሚባል ነገር የለውም፤ ግን ይሄዳል። በድርጅት ቋንቋ ደግሞ የሚሄድ ነገር ሁሉ ደህና ነው። የፊተኛው መኪና ለራሱም ለተሳቢውም ይይዛል። ሾፌሩ በከባድ ማርሽ እያጓራ ይወርዳል፤ ከኋላው የተሰለፉት አባዱላዎች ክላክስ እየነፉ የእናቱን ስም ያነሳሉ። እሱ አይሰማቸውም። ጆሮው ያለው ከተሳቢው በሚመጣው ድምፅ ላይ ነው፤ ሲንቋቋ ደህና ነው፣ ዝም ሲል ነው ክፉ።

ሽቅብ ሲሆን ደግሞ ፍሬኑ በረዳቱ እጅ ነው ያለው። ታኮ ይባላል። ከባሕር ዛፍ ግንድ ሦስት ማዕዘን ሆኖ የተጠረበ እንጨት ነው፤ ናፍጣና ግራሶ ጠጥቶ ጠቁሯል፤ አንድ ጎኑ ጎማ ነክሶት ነክሶት ጎድጉዷል፤ ጀርባው ላይ ሚስማር ተመቶ አጭር ገመድ ታስሮለታል። ከሁምቦ ወደ ሶዶ በሚመልሰው ዳገት ሞተሩ ማጓራቱን ትቶ ማቃሰት ሲጀምር ማንም ለረዳቱ የሚነግረው የለም። በሩን ከፍቶ መወጣጫው ላይ ቆሟል፣ ታኮው ብብቱ ሥር ነው። መኪናው ሳይቆም ይዘላል። ወደ ተሳቢው የኋላ ጎማ ይሮጣል። ጎማው ቆሞ፣ አመንትቶ፣ ወደ ኋላ የመጀመሪያዋን ስንዝር ሊንከባለል ሲል ታኮው ከሥሩ ገብቷል። እንጨቱ ይንቋቋል፤ ተሳቢው አንዴ ይንገጫገጭና ዝም ይላል። ረዳቱ እጁን መቼ እንዳወጣ አይታይም።

«ያዘ?» ይላል ሾፌሩ ከላይ።

«ይዟል ጋሼ!»

«በደንብ ይዟል?»

«እኔ እስካለሁ ይዟል!»

ይህ ልጅ በደመወዝ መክፈያው ላይ «ረዳት» ተብሎ ነው የተጻፈው። በደመወዙ የሚገዛው ጫማ ከታኮው በፊት ያልቃል። ድርጅቱ ለታኮ በጀት የለውም፤ ረዳቱ ያስጠረበው በገዛ ኪሱ ነው። የሌላ መኪና ረዳት ሊያውሰው ቢጠይቅ አይሰጥም። ታኮ አይዋስም።

ታዲያ ሾፌሩ ለምን ጽፎ አያመለክትም? የሚል ሰው ሁልጊዜ አይጠፋም፤ ብዙውን ጊዜ ጠያቂው ቢሮ የሚውል ሰው ነው። ማመልከቻ ቅጽማ አለ። ሦስት ኮፒ ነው። «የተሽከርካሪው ሁኔታ» የሚል መስመር አለው፤ ከሥሩ የሾፌሩ ፊርማ። አሁን ሾፌሩ እውነቱን ጻፈ እንበል፦ የተሳቢው ፍሬን አይይዝም፣ የኋላ መብራት የለውም፣ ሁለት ጎማ ያስፈልገዋል። ጥገና ክፍል ተሳቢውን ያስገባል። የፍሬን ሸራ ግምጃ ቤት የለም። ሦስት ፕሮፎርማ ይሰብሰብ ይባላል። ሁለቱ ይመጣሉ፤ ሦስተኛው ነጋዴ «ለማትገዙት ነገር ወረቀቴን አልጨርስም» ይላል። የግዥ ኮሚቴው እንዳይሰበሰብ ሰብሳቢው ሥልጠና ላይ ናቸው፤ ሥልጠናው ሐዋሳ ነው።

ሾፌሩ እስከዚያው ግቢ ውስጥ ጥላ ሥር ተቀምጧል። ጉዞ ከሌለ አበል የለም። የወር ደመወዙ የቤት ኪራይ ነው፤ ልጆቹ የሚበሉት አበሉን ነው። በሳምንቱ፣ በር ላይ ያለው ጥበቃ ሰንሰለቱን ሲያወርድ ቀና ብሎ ያያል። የሚወጣው ያው ተሳቢ ነው፤ ሸራው አልተቀየረ፣ መብራቱ አልገባ፤ ፊቱ ላይ ያለው መኪና ግን የሌላ ሾፌር ነው። አበሉም አብሮ ወጣ። በሚቀጥለው ጊዜ ቅጹ ሲቀርብለት ምን የሚጽፍ ይመስላችኋል? «ደህና ነው»። በዚህ ዓይነት በመዝገብ ቤት የታመመ ተሳቢ የለም። ማኔጅመንቱ በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት ሲያዘጋጅ መቶ በመቶ ለስምሪት ብቁ የሆኑ ተሳቢዎች እንዳሉት ይጽፋል፤ ውሸት አልጻፈም፣ ሾፌሮቹ ፈርመውበታል።

ሕግ የለም እንዳትሉ፣ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ጤንነትና ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ አለበት ይላል። አንቀጽ 32 ደግሞ የሠራተኛውን ደኅንነት የሚያሰጋ አደጋ እንዳለ አሠሪው እያወቀ እርምጃ ካልወሰደ፣ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን መልቀቅ ይችላል ይላል። አንድ ከሰዓት፣ ቁርጥ በዳጣ ፊታችን ቀርቦ፣ ይህን ለአንድ ሾፌር ወዳጄ አነበብኩለት። በጥሞና ሰማኝ። ሥጋውን ዳጣ ላይ ነክሮ አላምጦ እስኪውጥ ምንም አልተናገረም።

«ቆንጆ ሕግ ነው» አለ በመጨረሻ። «ካልተመቸህ ልቀቅ ነው አይደል የሚለኝ?»

«እንደዚያ ነው።»

«ድርጅቱም እኮ እሱኑ ነው የሚለኝ።»

የፍትሐ ብሔር ሕጉም አለ፤ አንቀጽ 2081። ተሽከርካሪ ላደረሰው ጉዳት ባለንብረቱ ይጠየቃል ይላል፣ ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ። ካሳውን ባለንብረቱ ወይ መድን ሰጪው ይከፍላል፤ ጥሩ ነው። አደጋው በደረሰ ሌሊት ግን ፖሊስ ጣቢያ ሲሚንቶ ላይ የሚያድረው መድን ሰጪው አይደለም። ቅጹ ይወጣና «ደህና ነው ብለህ ፈርመሃል» ይባላል። ፈርሟል።

ዓመታዊ ምርመራውስ? አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪ በየዓመቱ እንዲመረመር ያዛል፤ ሳይመረመር ቦሎ አያገኝም። ስለዚህ ተሳቢውም በዓመት አንድ ቀን ይሞሸራል። ስለ አንድ ድርጅት ሲወራ የሰማሁት እንዲህ ነው፦ ለአንድ ተሳቢ የሚበቃ መልካም ጎማ፣ አንድ ጥንድ የኋላ መብራትና ጥቂት ሜትር አዲስ ቱቦ አለው፤ ግምጃ ቤት በቁልፍ ይቀመጣሉ። የምርመራ ቀን የደረሰለት ተሳቢ እነሱን ለብሶ ይሄዳል፣ አልፎ ይመለሳል፣ ያወልቃል፤ ቀጣዩ ይለብሳል። ጎማዎቹ ከምርመራ ጣቢያው በቀር አገር ስላላዩ እስከ ዛሬ አዲስ ናቸው። ይህን የነገረኝ ሰው ሲስቅ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ እሱ የሚነዳው ግን ሲያወልቁ ያለውን ነው።

መንገድ ላይ ደግሞ ትራፊክ አለ። ትራፊክ ፖሊስ ፊት ማንም ሾፌር ማዕረግ አይሰስትም፤ ኮንስታብሉ ኮማንደር ይባላል፣ ሳጅኑማ ከዚያም በላይ ይወጣል።

«የኋላ መብራትህ የታለ?»

«አሁን ነው የጠፋው ኮማንደር፤ ቦዲቲ ላይ ይበራ ነበር።»

ኮማንደር የተባለው ሰውዬ ተሳቢውን ዞሮ ያያል። መብራቱ የነበረበት ቀዳዳ ውስጥ ወፍ ጎጆ ሠርታለች። ገለባው ደርቋል። «ቦዲቲ ላይ ስትበራ እንቁላሏም ነበር?» ይላል። ቀልድ የሚያውቅ ፖሊስ ሲገጥም ቅጣቱ ቢያምም ለወሬ ይሆናል። የቅጣቱን ወረቀት ግን ሾፌሩ ነው የሚቀበለው። ድርጅቱ ጋ ቢወስደው «መብራት የለውም ብለህ ለምን አልጻፍክም?» ይባላል፤ ከላይ ያልነውን ቅጽ ታስታውሳላችሁ።

በነገራችን ላይ፣ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ሶዶ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች። ከዚያ ወዲህ ከተማችን ውስጥ ጥሩ የተጠገነ መኪና ምን እንደሚመስል የማያውቅ ሕፃን የለም፤ ነጭ ነው፣ መስታወቱ ጥቁር ነው፣ ማዳበሪያ አይጭንም።

አሁን ተሳቢው ሁምቦ ላይ ቆሟል እንበል፤ መቆሙ አይቀርምና። በአገራችን የቆመ መኪና ምልክቱ ቅጠል ነው። ባለ ሦስት ማዕዘኑ አንጸባራቂ በሊብሬው ልክ የሚፈለግ ዕቃ ቢሆንም ግምጃ ቤት ነው ያለው፣ ከነዚያ ጎማዎች ጋር። ስለዚህ ረዳቱ ገጀራ ይዞ ቅርንጫፍ ሊቆርጥ ይወጣል። ሁምቦ ላይ ግን ይህ ነገር ተራ ነገር አይደለም። እዚያ ያለው ተራራ ተራቁቶ ነበር፤ ገበሬዎቹ በሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው፣ ወርልድ ቪዥን አግዟቸው፣ 2728 ሄክታር ከልለው ጉቶው እንደገና እንዲያቆጠቁጥ አደረጉ። በ2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት ሥርዓት ተመዘገበ፤ ዛፉ ከአየር የሚመጠው ካርቦን ተለክቶ ለዓለም ባንክ ፈንድ ተሸጠ። ከዚያ ገንዘብ እህል ማከማቻና ወፍጮ የሠሩ ማኅበራት አሉ።

ረዳቱ ይህን ሁሉ ከየት ይወቀው። ገጀራውን ሊያነሳ ሲል አንድ አዛውንት ዱላቸውን ተደግፈው ከኋላው ቆመዋል።

«ምን ልትሠራ ነው ልጄ?»

«ለምልክት ነው አባቴ፤ መኪና ተበላሽቶብን።»

«እሱ ዛፍ ተቆጥሯል።»

«አንዲት ቅርንጫፍ ናት።»

«ቅርንጫፉም ተቆጥሯል። ትንፋሹ ሳይቀር ተሽጧል። ድንጋይ ደርድር፤ ድንጋይ አልተሸጠም።»

ረዳቱ ድንጋይ ደረደረ። አዛውንቱ ግን አልሄዱም፤ አጠገቡ ተቀመጡ። ሕፃናት ማንጎ በሳፋ ይዘው መጡ። ጥቂት ቆይቶ ወሬው ወደ ኳስ ቡድናችን ወላይታ ድቻ ዞረ፤ እዚህ አገር ከግማሽ ሰዓት በላይ የቆየ ወሬ ሁሉ ድቻ ጋ ይደርሳል። በ2010 ዓ.ም. ካይሮ ላይ ዛማሌክን በፍጹም ቅጣት ምት የጣሉበት ቀን ረዳቱ ትንሽ ልጅ ነበር፤ የሚያወራው ግን በረኛው ራሱ ሆኖ ነው። ሾፌሩ እነሱን ትቶ ስልኩን ይዞ ዳገቱን ወጣ፤ ኔትወርክ ያለው እዚያ ነው።

«ሃሎ፣ አለቃ፣ እንደምን ዋሉ። ሁምቦ ላይ ቆሜያለሁ። የተሳቢው የአየር ቱቦ ፈንድቷል።»

«ቆይ፣ መዝገብ ልይ።» ወረቀት ይገለጣል። አንዱ ሲስል ይሰማል። «ይሄ ተሳቢ እኮ ቱቦው ባለፈው ወር ተቀይሯል።»

«ማን ቀየረው?»

«ተቀይሯል ይላል። ወጪ ሆኗል፣ ተፈርሟል። አዲስ ቱቦ ነው። ሊፈነዳ አይችልም።»

«አለቃ፣ እጄ ላይ ይዤዋለሁ። በጎማ ቁራጭ ተጠቅልሎ በሽቦ የታሰረ ነው፤ የታሰረበት ሽቦ እንኳ ዝጓል።»

«እንግዲህ እኔ የማየው መዝገቡን ነው። መዝገቡ ላይ ያለው አዲስ ነው።»

ሾፌሩ ትንሽ ዝም አለ፤ ቁልቁል ረዳቱን፣ አዛውንቱን፣ የተደረደረውን ድንጋይ አየ።

«በጣም ጥሩ» አለ። «እንግዲያውስ መዝገቡ ላይ ያለውን ይላኩልኝ።»

«በቃል አይሆንም» አለ ስምሪት። «ስትመለስ ቅጽ ሙላ።»